በአሸዋው መካከል ለቀረኸው

ቢያድጌ፣ የቤቴ ጌታ፤

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት ወጣ። ማሽላው እንደገና እሸት ሆኖ ወፍ ወርዶበታል። በሰው ፊት አንቱ፣ በራችንን ስንዘጋ አንተ እያልኩህ ነበር የኖርነው። ዛሬ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቢሆንም አንተ ነው የምልህ። የሚታዘበኝ ካለ ይታዘበኝ።

እንዴት ሰነበትክ ልልህ ጀመርኩና አፈርኩ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ወባው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እኔም እወድቃለሁ፣ እነሣለሁ። ቤታችንን ጣሊያን ሲያቃጥለው የተረፈው የመካከሉ ምሰሶና ደጅ የነበረው አልጋህ ብቻ ነበር። ወንድሜ አላምረው በዚያው ምሰሶ ዙሪያ መልሶ ሠራልኝ። ከበፊቱ ይጠባል። ለአንድ ሰው ይበቃል ብሎ ነው ያጠበበው፤ እኔም አልተከራከርኩትም። ወፍ የምትጠብቅበትን ማማህን ምስጥ በላው። ባለፈው ክረምት ነፋስ ሲጥለው እንጨቱን ለቅሞ ማገዶ ያደረገው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ብነግርህ ትስቃለህ፣ እኔ ደግሞ ሳቅህን አልሰማውም፤ ስለዚህ ይቅር።

ይህን የምጽፍበት ወረቀት ጣሊያን ከአውሮፕላን የበተነው ነው። በአንድ ፊቱ ግቡ፣ እጃችሁን ስጡ፣ ምሕረት ታገኛላችሁ ይላል። ጀርባው ንጹሕ ነው። አባቴ መሪጌታው «ለሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል?» እየተባለ ነበር ያስተማረኝ። ለሙት ባሏ ትጽፍበታለች ብሎ እንዳላሰበ አምናለሁ።

የተነሣሁት ግን ስለ ቤት ልነግርህ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሰፈሩ እንደገና አሸዋ ተሻገረ። እንደገና ቆጠራ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አልወርድልኝ ብሏል። የሚያስረዳኝ ሰው ስፈልግ ከአንተ ሌላ አጣሁ።

አሸዋ መሻገር ከየት እንደመጣ የነገርከኝ አንተው ነህ። ይህ ሰፈር ሲቆረቆር ሰዉ ከየአገሩ የተሰባሰበ ነበር፤ ከደንቢያው፣ ከጎጃሙ፣ ከወሎው። አለቃ ይመረጥ ሲባል ጌታ ነኝ ባዩ ሁሉ ጭሰኛውን እየነዳ፣ ሰካራሙን ደግፎ፣ ሽማግሌውን በበቅሎ ጭኖ ወደ ራሱ ሰው ያቆም ነበር። ነገሩ ደም እስከ ማፋሰስ ሲደርስ ተማማሉ። የታጩት ሁለቱ ሰዎች ከደረቁ ወንዝ ማዶ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይቆማሉ። ወንዱ ሁሉ ከኩመሩ ዛፍ ጥላ ተነሥቶ፣ አሸዋውን በገዛ እግሩ ተሻግሮ ከወደደው ሰው ኋላ ይቆማል። የነዱት፣ የጎተቱት፣ የተሸከሙት አይቆጠርም። ቆጣሪው ሽማግሌ የእያንዳንዱን ትከሻ በበትሩ እየነካ ይቆጥራል። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ የኩመሩ ጥላ ግንዱ ሥር ሲሰበሰብ ቆጠራው ይዘጋል። እኩል ለእኩል ከሆነ ቆጣሪው ያለው ይጸናል። ሕጉ ደካማውን ጉልበተኛ እንዳይነዳው የወጣ ነበር። አንተም ታወድሰው ነበር፤ እግር ሳለህ።

እግርህን የበላው ጉድጓድ ዛሬም ውሃ አለው። በዚያ በድርቁ ዓመት ለሰፈሩ ስትቆፍር አፈሩ ተደርምሶ እግሮችህን ሰባበራቸው፤ በወጣህ ማግስት ውሃው ፈለቀ። ሴቱ እልል አለ። እኔ አላልኩም። ከዚያ በኋላ እግሮችህ እየሰለሉ ሄዱ። ከድንበር ማዶ፣ ከገላባት የሚመላለሰው ነጋዴ፣ ሐጂ ኢድሪስ፣ የግመል ቁርበት አምጥቶ ለጉልበትህና ለመዳፍህ ሰፋልህ። በእሱ እየዳህክ ደጅ መውጣት ጀመርክ። የተኛህበትን አንገረብም ከማዶ ያመጣልህ እሱ ነው፤ ጠፍሩ ሲላላ ሲጢጥ የሚለውን፣ ሌሊት ስትገላበጥ የሚቀሰቅሰኝን አልጋ። አሁን እሱ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ስለ አንገረቡ እመለስበታለሁ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ጣሊያን መተማን ይዞ አርበኛው ጫካ በገባ በሦስተኛው ዓመት ሰፈራችንም የጎበዝ አለቃ ያስፈልገው ነበር፤ መንግሥት በሌለበት የሚያዋጋ፣ የሚያሸሽ፣ የሚዳኝ ሰው። የታጩት አዳነና ወርቁ ነበሩ። አዳነ ማሽላው ሳይታጨድ የትም አንሄድም አለ፤ «ለማነው ጥለነው እምንሄድ? ለባንዳ ቀለብ?» እያለ። ወርቁ ደግሞ ሴቱንና ደካማውን ይዘን አሁኑኑ ወደ ገለጉ በረሃ እንግባ አለ፤ «ማሽላ ከርሞ ይበቅላል፤ ሰው ተዘርቶ አይበቅልም» አለ። አንተ ከወርቁ ጋር ነበርክ። ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጠህ ያልካት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች፤ «የሚሮጥ ሰው መጨረሻ ላይ ይነሣል፤ የማይሮጥ ቀድሞ ማሰብ አለበት።» ገመድ ገማጁ ተገኘ፣ ዓይነ ስውሩ ባላንጣህ፣ ገመዱን ከእግሩ ጣት ላይ ሳይፈታ ይከራከርህ ነበር። እሱ ከአዳነ ጋር ነበር። የረሃብን ዓመት አላየህም እንዴ ይልሃል፤ አንተ አይተህ ነው ወይ ትለዋለህ፤ ትሳሳቃላችሁ። በቆጠራው ቀን ግን «እኔን ማን ቆጥሮኝ» ብሎ ከቤቱ ቀረ። አንተ አልቀረህም።

ያን ቀን አንገረብህን አላምረው ከራስጌ፣ እኔ ከግርጌ ይዘን አሸዋው ዳር ስንደርስ ቆጣሪው አያ ደርሶ በትራቸውን ዘርግተው አስቆሙን። «ተሸክመው ያመጡት ቃል የተሸካሚው ነው። አውርዱት» አሉ። አላምረው ሊቆጣ ሲል እጁን ያዝከው። «ሕጉ ነው፤ አውርደኝ» አልከው። ቁርበትህን በመዳፍህና በጉልበትህ አሠርክና መዳህ ጀመርክ።

የኛን አገር አሸዋ ቀትር ሲቃረብ አንተ ታውቀዋለህ፤ ዶሮ እንኳ አይረግጠውም። ወንዱ ሁሉ ተሻግሮ ቆሞ ያይህ ነበር። የሳቀም ነበር፤ ይበልጥ የጠላኋቸው ግን አንገታቸውን የደፉትን ነው። የጉልበትህ ማሠሪያ ተፈታ። ቁርበቱን አሸዋው ላይ ትተኸው ቀጠልክ። መካከሉ ላይ ደርሰህ ወደ ወርቁ ሰዎች ፊትህን ስታዞር አያ ደርሶ ወደ ኩመሩ አዩና ጥላው ገብቷል፣ ቆጠራው ተዘግቷል አሉ። ከዚያ ቆጠሩ። እኩል ለእኩል ሆነ። አንተ መካከል ላይ በጉልበትህ ነህ፤ ዓይናቸው ያይሃል። አያ ደርሶ ቃላቸውን ለአዳነ ሰጡ።

ማታ መዳፍህን በሰሊጥ ዘይት ስቀባህ ውሃ ቋጥሮ ነበር። አለቀስኩ። አንተ ደግሞ «አላየንም እንኳ አይሉ» ብለህ ፈገግ አልክ። ያን ጊዜ ተናድጄብህ እንደነበር ታውቃለህ? እንድትሳደብ ነበር የፈለግኩት። እነሱ ላይ እንድትጮህ። ተገኘ በማግስቱ መጥቶ «ብመጣ ኖሮ ያንተን ቃል በኔ አጠፋው ነበር» ሲልህ፣ «ብትመጣ ኖሮ አብረን እንዳህ ነበር» አልከውና እንደገና ሳቃችሁ። እኔ አልሳቅኩም።

ማሽላው እሸት ሲሆን እንደ ወትሮው አላምረው ጎህ ሲቀድ አዝሎ ማማህ ላይ ያወጣህ ጀመር። ወንጭፍህን የማያውቅ ወፍ አልነበረም። አዳነ በየመንገዱ ጠባቂ አቆማለሁ ብሎ ነበር፤ አላቆመም። ያን ጠዋት እኔ ጉድጓዱ ዘንድ ነበርኩ። የመጡትን ቀድመህ ያየሃቸው አንተ ነህ፤ ከሰፈሩ ሁሉ ከፍ ብለህ የተቀመጥከው አንተ ብቻ ነበርክ። ጩኸትህ እስከ ወንዙ ተሰማ። «መጡ! ወደ ጫካ! ወደ ጫካ!» ትል ነበር። ሰዉ ሕፃኑን ከጡት፣ ድስቱን ከእሳት እየነጠቀ ሮጠ። አላምረው ወደ አንተ ሊመጣ ሲል የማማው ሥር በጥይት አቧራ ሆነ። እኔም እንስራዬን ጥዬ ወደ አንተ ነበር የሮጥኩት። አየኸኝ። ወንጭፍህን ሞላህና ወደ እኔ ወረወርክ፤ ድንጋዩ ከፊቴ አረፈ። ወፍ እንደሚባረር አባረርከኝ። በዕድሜህ ሙሉ ዒላማ የሳትከው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሆን ብለህ። አላምረው ጎትቶ ጫካ አስገባኝ። ስንመለስ ማማው ላይ እንደተቀመጥክ ነበርክ።

ጥይቱ የጣሊያን ነው። ማማው ላይ ያስቀረህ ግን የገዛ ሰፈራችን ቆጠራ ነው። የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ፣ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽ አልወጣ ይሉ የለ? በቀብርህ ላይ ሰዉ ሁሉ ጀግና አለህ። አያ ደርሶም አለቀሱ። ጀግና ከሚሉህ ሰው ቢሉህ ይሻልህ ነበር፤ እሱን በጊዜው ነፈጉህ።

አሁን ወደ አንገረቡ ልመለስ። ጣሊያን ከመተማ ከወጣ ወዲህ፣ ጎንደር ላይ ገና ተኩስ አለ ቢባልም፣ እኛ ዘንድ ጭቃ ሹም ይመረጥ ተባለ። የታጩት እንደገና አዳነና ወርቁ ናቸው። ከቆጠራው በፊት የአያ ደርሶ ልጆች መጥተው አንገረብሽን አውሺን አሉኝ። አባታቸው በሽሽቱ ጊዜ ከበቅሎ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ እግር የላቸውም፤ መሬት መተኛት ጎዳቸው አሉኝ። አዘንኩላቸው። እውነቴን ነው፣ አዘንኩ። የታመመ ሽማግሌ ነው ብዬ ጠፍሩን አጥብቄ፣ አቧራውን ጠርጌ ሰጠኋቸው።

በቆጠራው ቀን እንደ ሴቶቹ ሁሉ ከኩመሩ ኋላ ቆሜ ሳይ፣ ያንተ አንገረብ በአሸዋው ላይ መጣ። አያ ደርሶ በትራቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተኝተውበታል፤ ልጆቻቸው በአራት ወገን ተሸክመዋቸዋል። ማንም አላስቆማቸውም። አንድ ሰው ብቻ በዝግታ «ሕጉስ?» ሲል ሌላው «እሳቸው እኮ ቆጣሪ ናቸው» አለው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። ማዶ አደረሷቸው፣ ከአዳነ ኋላ አስቀመጧቸው፣ እሳቸውም በገዛ በትራቸው የገዛ ትከሻቸውን ነክተው መቁጠር ጀመሩ።  

ያን ጊዜ ከኩመሩ ሥር ተገኘ ተነሣ። «የቢያድግልኝ አንገረብ ሲያልፍ ሰምቻለሁ» አለ። «ሲጢጥታውን አውቀዋለሁ። ማነው የተኛበት?»  ደግሞ ጠየቀ። ከዚያ «እንግዲያው እኔም እሻገራለሁ። እጄን ያዙኝ» አለ። እጅህን የያዘ ጎተተህ ነው፤ የተጎተተ አይቆጠርም አሉት። ተቀመጥ፣ አትድከም፣ ፀሐዩ ከባድ ነው አሉት። ለአንተ ያሉህን ሁሉ፣ በዚያው የርኅራኄ ድምፅ።

ቀረብኩና ወደ ማን ነህ አልኩት። ወደ ወርቁ ይለኛል ብዬ ነበር። ያንተን ሞት ካየ በኋላ ሌላ ምን ይላል? «ወደ አዳነ» አለኝ።  ከዚያ ደግሞ ትዝ አለኝ፤ በዚያ ጠዋት አዳነ ራሱ ነው እጁን ይዞ ተገኘን ከጥይት ውስጥ ያወጣው። ቤቱ ለአዳነ ቤት ቅርብ ነበር፤ ያንተ ማማ ሩቅ ነበር። ለተገኘ አዳነ ማለት ያቺ እጅ ናት። የሱም እውነት ነው። እውነት መሆኑ ግን ሆዴን አላቀዘቀዘልኝም።

ቢያድጌ፣ ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ። ነጠላዬን አደግድጌ አሸዋውን ተሻገርኩ። ሴት አሸዋ አትሻገርም፤ የሚጮኹብኝን ሰማሁ፤ ሄድኩ። ሄጄ ከአዳነ አጠገብ ቆምኩ። ከአዳነ! የትንፋሹ ድምፅ እስኪሰማኝ ድረስ። ከሞትክ ወዲህ ሰላምታ ያልሰጠሁት ሰው ነው። ከዚያ ሆኜ ተገኘን በስሙ ጠራሁት። «ተገኘ! ወዲህ ነው!» አልኩ።

መጣ። በገዛ እግሩ፣ በትሩን እያስቀደመ። አንድ ጊዜ ወደ ወንዙ ታች ሲስት እንደገና ጠራሁት፤ ተመለሰ። አንዱ ጎረምሳ ይቺ ሴት ምን አገባት ብሎ ሲነሣ፣ አልጎተትኩትም፣ አልተሸከምኩትም፣ ሰው መጥራት በየትኛው ሕግ ተከለከለ አልኩት።  ተገኘ የአሸዋውን መካከል አለፈ፤ አንተ የቀረህባትን ቦታ። ቦታዋን እኔ እንጂ እሱ አያውቃትም። እግሩ ሲረግጣት እኔ ነኝ የቆጠቆጠኝ።

ከአዳነ ኋላ ሲደርስ አያ ደርሶ በአንገረብህ ላይ ሆነው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ኩመሩ ጥላ አዩ። ጥላው ገና ነበር።  «በእግሩ ነው የመጣው» አሉና የተገኘን ትከሻ ነኩ። ስለ አንተ አንድ ቃል አላሉም። እኔም ከእሳቸው አልጠበቅኩም፤ ዋሸሁ፣ ጠብቄ ነበር።

የተመረጠው አዳነ ነው። በብዙ ሰው በለጠ፤ የተገኘ ቃል ባይጨመርለትም ይመረጥ ነበር። ሰዉ ምን ያድርግ? የሚሮጡት ሁሉ ተርፈዋል፤ የተረፈ ደግሞ ቂም የለውም። አዳነን የሚከሱት ሙታን ናቸው፤ ሙታን አሸዋ አይሻገሩም። አዳነ በኋላ ሊያናግረኝ ቀርቦ ስሜን ጠራኝ። ፊቴን አዞርኩ። የጠራሁት ለእሱ አልነበረማ። ያንን አሸዋ እንደ ሰው ያልተቆጠረ አንድ ሰው ተሻግሮት ሲደርስ ለማየት ነው። አንተ ብትሆን ለተገኘ መንገዱን በእጅህ ጠርገህለት፣ ሲደርስ ደግሞ ደንቆሮ ምርጫ መረጥክ ብለህ ትሰድበው ነበር። ስድቡን እኔ አደረስኩልህ። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መካከል ላይ ተሰበረና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

አንገረቡን ማምሻውን ካንድ ቅል ማር ጋር መለሱት። ማሩን መለስኩላቸው። አልጋውን አጠብኩ፣ ጠፍሩን ፈትቼ እንደገና ጠፈርኩ፣ በቦታህ አኖርኩት። ከእንግዲህ ለማንም አላውሰውም፤ የታመመ ቢመጣብኝ እንኳ በእጄ ሌላ ሠርቼ እሰጣለሁ እንጂ።

በሕይወት ካለሁ ከርሞም ሌላ ቆጠራ ይመጣል። ሽባ ቢኖር፣ ዕውር ቢኖር፣ ከማዶ ቆሜ እጠራዋለሁ፤ የሚመርጠው የጠላሁትን ቢሆንም እጠራዋለሁ። ጥላው ከመግባቱ በፊት እንዲደርስ ጎህ ሲቀድ አስነሣዋለሁ። እኔን ሴት ነሽ ብለው አይቆጥሩኝም፤ መቁጠር ግን አይከለክሉኝም። እነሱ በበትር ትከሻ እየነኩ ሲቆጥሩ እኔ ከኩመሩ ኋላ ሆኜ በልቤ እቆጥራለሁ፤ ሁልጊዜም የእኔ ቁጥር ከእነሱ በአንድ ይበልጣል። የምጀምረው ካንተ ነው።

ሚስትህ ስንዱ